የመንዝ ዝተት ማኅተም ይኑረው

መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ላይ ዝተትና ባና የተባሉትን የበግ ጠጉር ብርድ ልብሶች እሸጣለሁ። አያቴ ገበያ ላይ ዘርግታ ትሸጥ ነበር፤ እናቴ ሱቅ ከፈተች፤ እኔ ከእናቴ ተረከብኩ። ሦስታችንንም ያኖረን የመንዝ በግ ጠጉር ነው። ልጆቼም እንዲረከቡኝ እመኛለሁ፤ ለዚያ ግን እውነተኛው ዝተት ከአስመሳዩ የሚለይበት በሕግ የተመዘገበ ማኅተም ያስፈልገዋል።

ዝተት ሲሠራ ላላየ ሰው ዋጋው ይወደድበታል። ጠጉሩ ተሸልቶ ይጸዳል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ከዚያ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። ነጩም ጥቁሩም ቡላውም የበጉ የራሱ ቀለም ነው። አንድ ዝተት ሱቄ እስኪደርስ የስንት ሰው ጉልበት እንዳለፈበት እኔ አውቃለሁ።

አሁን አሁን ግን ሰው ሠራሽ ክር የተቀላቀለበት፣ አንዳንዴም ጭራሽ ጠጉር ያልነካው ብርድ ልብስ «የመንዝ ነው» እየተባለ ይሸጣል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ወደ እኛው የጓሳ ሣር ምድር የሚመጣ እንግዳ ልዩነቱን በምን ያውቃል? ጠርጥሮ ለሚጠይቀኝ ደንበኛ ከጫፉ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት እለኩሳለሁ። የበግ ጠጉር እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲያሹት ይደቃል። ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ሲበርድ ይጠጥራል። ይሁንና ገዢ ሁሉ ክብሪት ይዞ ሊዞር አይችልም።

አስመሳዩ ዋጋ ሲሰብር መጀመሪያ የምትጎዳው ፈታይዋ ናት። ሸማኔው የፋብሪካ ክር ገዝቶ ይሸምናል፤ እኔም ሌላ ዕቃ አምጥቼ መሸጥ እችላለሁ። እሷ ግን እንዝርቷን ካስቀመጠች ከፈትል የምታገኘው ገቢ ቀረባት፣ ሙያውንም ለልጇ አታስተምርም።

መድኃኒቱ ሌላ አገር ተሞክሯል። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች ሃሪስ ትዊድ የሚባል የሱፍ ጨርቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው የብሪታንያ ሕግ መሠረት በዚህ ስም የሚጠራው እዚያው ደሴቶቹ ላይ በተፈተለ ንጹሕ ሱፍ፣ በነዋሪዎቹ ቤት፣ በእጅ የተሸመነው ብቻ ነው። ተመርምሮ ማኅተም ይመታበታል። እኛም በቡና አይተነዋል። የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋ ጨፌን ስሞች አገራችን በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ተነሥታ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። ለቡና የተደከመው ለዝተት የማይደከምበት ምክንያት አይታየኝም። ለምዝገባው መንገድ የሚከፍተው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ከወጣም ቆይቷል።

አንዳንድ ነጋዴ ወዳጆቼ «ማኅተም ዋጋ ያንራል፣ ደሃው መግዛት ያቅተዋል» ይላሉ። ርካሹ ይሸጥ፤ ግን በራሱ ስም ይሸጥ። ሌሎች ደግሞ በክልላችን ባለው ችግር እንግዳ በሳሳበት ጊዜ ምን ማኅተም ያስፈልጋል ይላሉ። ዝተትን የሚገዛው ግን ጎብኚ ብቻ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ሰውም፣ ውጭ አገር ያለው ወገናችንም ይፈልገዋል። እንግዳው ሲመለስም ተዘጋጅተን መጠበቅ አለብን።

የመንዝ ሰው የጋራ ሀብትን በደንብ ማስተዳደር ያውቅበታል። ከአቅኚ አባቶቻችን ከአስቦና ከጌራ የተወለዱት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን ለዓመታት እየከለሉ፣ ሣሩ ሲደርስ ቀን ቆርጠው እየከፈቱ፣ ደንብ የጣሰውን እየቀጡ ጠብቀውታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም፣ ኅብረተሰቡ በኋላ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን ቀጥሏል። ሣርን እንዲህ የጠበቀ ሕዝብ የዝተቱን ስም መጠበቅ አያቅተውም።

ስለዚህ ፈታዮችና ሸማኔዎች ከማማ፣ ከላሎ፣ ከጌራ፣ ከቀያና ከግሼ ወረዳዎች ተሰባስበው አንድ ማኅበር ያቋቁሙ። መስፈርቱን ራሳቸው ይጻፉ፦ ጠጉሩ የአካባቢው በግ፣ ፈትሉ በእጅ፣ ሽመናው በእጅ። መርማሪዎቹ ሲመረጡ ፈታዮች ከግማሽ በላይ ይሁኑ፤ ጠጉርን በመዳሰስ ብቻ የሚለዩት እነሱ ናቸው። የወረዳዎቹ የንግድና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ምዝገባውን ያግዙ፣ አስመሳዩን በመንዝ ስም የሚሸጠውንም በሕግ ይጠይቁ። እኛ ባለሱቆች ደግሞ ማኅተም የሌለውን የመንዝ ዝተት ብለን ላለመሸጥ በፊርማችን ቃል እንግባ። የመጀመሪያው ፊርማ የእኔ ይሁን።