በዕርዳታ የተጀመረ ክሊኒክ በምን ይጸናል?

ለትርፍ ያልተቋቋሙ የጤና ተቋማት አጀማመር ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 በበጎ ፈቃደኞች ሲመሠረት፣ አገልግሎቱን የጀመረው በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ውስጥ በምትገኝ አንዲት ክፍል፣ በአንዲት ነርስ ነበር። ወቅቱ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መከላከያን ማስተዋወቅ የሚከለክልበት ነበር። ማኅበሩ ቀስ በቀስ ክሊኒኮችን እያስፋፋ፣ ደሴን ጨምሮ በበርካታ ከተሞች አገልግሎት ሰጪ ለመሆን በቅቷል።

ለዕድገቱ የበጎ ፈቃደኞች ትጋት መሠረት ሲሆን፣ አቅሙን ያሰፋው ግን በአብዛኛው የውጭ ድጋፍ ነው። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ መንግሥት ከፅንስ ማቋረጥ ጋር የተያያዘ ቅድመ ሁኔታ ባስቀመጠ ጊዜ፣ ማኅበሩ ለመፈረም ፈቃደኛ ባለመሆኑ ከዚያች አገር ያገኝ የነበረውን ድጋፍ አጥቷል። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን በድንገት ስታቆም ደግሞ፣ በአገሪቱ በዕርዳታ የሚሠሩ በርካታ የጤና ፕሮግራሞች ተናግተዋል።

ለደቡብ ወሎ ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በጦርነቱ ውስጥ አልፈዋል፤ የደሴ ሆስፒታልም ተዘርፏል። በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ፣ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች በአነስተኛ ክፍያ፣ ምስጢራቸው ተጠብቆ የሚታከሙበት ስፍራ ያሻቸዋል። እንዲህ ያለው ክሊኒክ በለጋሽ ውሳኔ ቢዘጋ፣ ቀዳሚዎቹ ተጎጂዎች እነርሱ ናቸው።

አማራጭ መንገድ ከወደ ተሁለደሬ ይታያል። ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው ይህ ወረዳ፣ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር። አባወራውና እማወራዋ ምርት በሚሰበሰብበት ወቅት ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላሉ፤ መክፈል የማይችሉትን መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። ገንዘቡ ከአካባቢው ስለሚሰበሰብ የለጋሽ አገር ምርጫ አያናውጠውም።

ይሁንና መድህኑ ውል የሚገባው በዋናነት ከመንግሥት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ጋር ነው። መድኃኒት ሲጠፋም አባሉ ከኪሱ ለመግዛት ይገደዳል። ለትርፍ ያልቆሙ ክሊኒኮች በተወሰነ ዋጋና በጥራት ቁጥጥር ሥር ውል ቢገቡ፣ አባሉ ተጨማሪ የመታከሚያ ስፍራ፣ ክሊኒኮቹም ቋሚ ገቢ ያገኛሉ። መዋጮው ዝቅተኛ በመሆኑ ወጪያቸውን ሁሉ ላይሸፍን ይችላል። ለጋሹ ፊቱን ባዞረ ማግስት ግን በራቸው እንዳይዘጋ ያግዛል።