ወዳጅነት ወደ ፍቅር ሲያዘነብል

ፍሬንድስ፥ ትርጓሜውም ወዳጆች የተባለው የአሜሪካ አስቂኝ የቴሌቪዥን ጨዋታ፥ ከመስከረም 12 ቀን 1987 ዓ.ም. እስከ ሚያዝያ 28 ቀን 1996 ዓ.ም. ድረስ በ236 ክፍል ታይቷል። ከተፈጸመ ብዙ ዘመን ቢያልፈውም፥ ወጣቶች ዛሬም በስልካቸው እየከፈቱ ይሥቁበታል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከጨዋታው ውስጥ የሮስንና የሬቸልን ነገር ለቤተ ሰብ አንባቢዎቻችን ማንሣት ወደድን።

ሮስ የእኅቱን ወዳጅ ሬቸልን ከተማሪነቱ ጀምሮ ይወዳት ነበር፤ ነገር ግን በቃሉ አልነገራትም። ምስጢሩን ያወጣው ወዳጃቸው ቻንድለር ነው፥ ያውም አፉ አምልጦት። እርሷም ደስ ብሏት ሮስን ልትቀበል ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ብትሄድ፥ እርሱ ከሌላ ሴት ጋራ ወረደ። በኋላም ፍቅራቸው ተጀምሮ ከፈረሰ ወዲያ፥ በ1991 ዓ.ም. በታየው ክፍል ላስ ቬጋስ ላይ ሰክረው ተጋቡ። ጋብቻው እንዳልነበረ ይቆጠርልን ብለው ቢያመለክቱ ዳኛው ስላልተቀበላቸው፥ መፋታት ግድ ሆነባቸው።

ይህ ሁሉ ያሥቃል። ተመልካች በየሳምንቱ የሚመለሰው ዛሬስ ምን ይሆኑ ይሆን እያለ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ማዘግየት ለጨዋታው ደራሲ ትርፍ ነው። በእውነተኛው ኑሮ ግን የሚቀጥለውን ክፍል የሚጽፍልን ደራሲ የለም። ምስጢሩ በልብ ሲቆይ ቅናት ይወልዳል፤ ወንድማዊ መስሏት የተቀበለችው ርዳታ ሁሉ በኋላ ዕዳ ይሆንባታል፤ የወዳጆችም ማኅበር በዚሁ ይፈርሳል።

እስቲ ወደ አገራችን ወደ ደቡብ ኦሞ እንመለስ። በሐመር የወጣቶች የማታ ጭፈራ፥ ኢቫንጋዲ በሚባለው፥ ልጃገረድ ወደ ወደደችው ወንድ ቀርባ በእግሯ መታ በማድረግ ትመርጠዋለች፤ ባልንጀሮቿም ሁሉ ያያሉ። ለጋብቻ ሲሆን ግን ወንዱ አስቀድሞ ከብት መዝለል አለበት፤ ነገሩም በቤተ ዘመድ በኩል ይሄዳል። እንግዲህ ባህሉ መውደድን ለመግለጥም ሆነ ለመጋባት ጊዜና ሥፍራ ሰጥቶታል።

በጂንካ ከተማ በትምህርት ቤት ወይም በሥራ ቤት የተዋወቁ ሁለት ወዳጆች ግን እንዲህ ያለ የተወሰነ ሥፍራ የላቸውም፤ ያላቸው የገዛ አንደበታቸው ብቻ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ያዝዛል። ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ ፈቃዱን ሊሰጥ አይችልም።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ወዳጅህን የወደድህ እንደ ሆነ፥ ወዳጅሽንም የወደድሽ እንደ ሆነ፥ ሳይሰክሩ፥ በሌላ ሰው ሳይልኩ፥ በቀና ቃል መናገር ይገባል። የተጠየቀውም ወገን በተስፋ ሳያንጠለጥል ቁርጡን ይመልስ። መልሱ እንቢታ ቢሆን፥ ጠያቂው በአክብሮት ይቀበል፤ ደጋግሞ አያስጨንቅ፤ ነገሩንም ለመንደር ወሬ አይስጥ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ሮስን ብዙ ዓመት ያስከፈለው ይኸው ዝምታ ነው። እንቢታን ሰምቶ ሳይፈርስ የቀረ ወዳጅነትም በእውነት ወዳጅነት እንደ ነበረ ያን ጊዜ ይታወቃል።