«ቀኑ ደርሶ ነው» ማለት አይበቃም





እኔ በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ የምገኝ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬም የሕንፃ ሥራ እየመረመርኩ ለክፍያ መፈረም ነው። ባለፈው ኅዳር አንድ የቀን ሠራተኛ ሲሚንቶ ተሸክሞ ሲያልፍ ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። መወጣጫው በባሕር ዛፍ አጠና የቆመ ነበር፤ የመንዝ ውርጭ ያደረበት ጣውላም ጧት ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሳሙና ያሟልጫል። የሚደገፍበት አግዳሚ አልነበረም፤ ወገቡን የሚይዝ ቀበቶም አልተሰጠውም። አሠሪው «ሳይጠነቀቅ ቀርቶ ነው» አለ። የተሰበሰበውም ሰው «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ አዝኖ ወደየቤቱ ሄደ።

እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከሦስት ቀን በፊት በዚያው ቦታ ተገኝቼ የብረቱን ውፍረትና የሲሚንቶውን ልክ ስመረምር፣ ሰው የሚቆምበትን ጣውላ ቀና ብዬ አላየሁትም፤ ፈርሜም ተመለስኩ።

«ቀኑ ደርሶ ነው» ለለቅሶ ቤት ማጽናኛ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለሥራ ቦታ መልስ አይሆንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92፣ አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስረዳ፣ አደጋ ሲደርስ መዝግቦ ለሥራ ተቆጣጣሪ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያመጣው ጉዳት ካልሆነ በቀር፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም። እንግዲህ «ሳይጠነቀቅ ቀርቶ ነው» የሚለው ቃል ከኃላፊነት አያድንም።

ወጪውስ ምን ያህል ነው? ሁለት አግዳሚ እንጨት፣ ጥቂት ሚስማር፣ አንድ ቀበቶ፣ በውርጭ ጧትም ጣውላው እስኪደርቅ ትንሽ መታገሥ ነው። በሌላው ሚዛን ላይ ግን ጉልበቱን ብቻ ይዞ ከገጠር የመጣ ሰው፣ ከእርሱም እጅ የሚጠብቁ ልጆች አሉ።

ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቼን የምለምነው ይህን ነው። በየመሥሪያ ቤታችን ውል ስናዋውል የመወጣጫው ነገር በጽሑፍ ይግባ፤ ለክፍያ ከመፈረማችንም በፊት ቀና ብለን እንመልከት። የግል ቤቱን የሚያሠራም እንዲሁ ያድርግ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ እኔም ከእንግዲህ ጣውላውን ሳላይ አልፈርምም።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከመሐል ሜዳ