ክዳኑ ሳይነሳ ፎቶው ይነሳ

በወርቃና በዙሪያዋ ለምትኖሩ፣ በዲላ፣ በይርጋጨፌ፣ በገደብና በቡሌ ላላችሁ፣ ከጌዴኦ ወጥታችሁ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ማዶ ለተቀመጣችሁ ወገኖች በሙሉ፦

ይህ ጥሪ ስለ ጣራ ነው። ከመንገድ ላይ ስለሚታየው ክዳን ሳይሆን፣ ሰው ቤት ገብቶ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቀና ሲል ስለሚያየው የጣራ ውስጥ። በዘንድሮው የቡና ገንዘብ ብዙ ሣር ቤት ቆርቆሮ ይለብሳል። ከዚያ በፊት የእያንዳንዱ ነባር ቤት የውስጥ ጣራ በፎቶ እንዲቀር፣ ከፎቶው ጋርም ቤቱን የሠራው ሰው ስም እንዲጻፍ እንጠይቃለን።

ነባር ጎጆ ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ጨለማ ነው። ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ ግን ሥራው አንድ በአንድ ይገለጥለታል። ምሰሶው ከመሬት ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከግድግዳው ዙሪያ የተነሱት ወራጆች እየተቀራረቡ ሄደው ጉልላቱ ሥር ይገናኛሉ። በወራጆቹ ላይ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ክብ በክብ ይዞራል፤ ክቡ ታች ሰፊ ነው፣ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ከሥር ሆኖ ለሚያየው ትልቅ ሰፌድ ከላይ የተደፋበት ይመስለዋል። ወራጅና ቀርከሃ በተገናኙበት ሁሉ ማሰሪያ አለ፤ ማሰሪያውም ከእንሰት የወጣ ቃጫ ነው። ዓመታት ሙሉ የጨሰው ምድጃ ቀርከሃውን አጥቁሮ፣ ጥቀርሻውም ቅባት የተቀባ አስመስሎታል። ያው ጭስ ነቀዙን አርቆ እንጨቱን አቆይቷል። አንዷን ቋጠሮ ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ቃጫው ተሻግሮ ዞሮ፣ ጠብቆ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል። ከጎኗ ያለችውም እንዲሁ ናት፤ ከእሷ ቀጥሎ ያለችውም። ያንን ሁሉ ቋጠሮ ያሰረ እጅ መሰላል ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ሳይቸኩል የሠራ እጅ ነው። የማን እጅ ነበር? በብዙ ቤት ይህን የሚመልስ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ብቻ ቀርተዋል፤ በብዙ ቤት ደግሞ እነሱም የሉም።

ሣሩን አንስቶ ቆርቆሮ የሚመታን ሰው ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ጌዴኦ በአገራችን ሰው እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ገጠሮች አንዱ ነው። ቁራሹ መሬት ሁሉ በእንሰት፣ በቡናና በዛፍ ተይዟል፤ ለክዳን የሚሆን ሣር የሚበቅልበት ቦታ ከዓመት ዓመት እየጠፋ ነው። ሣር ክዳን እድሳት ይፈልጋል፣ እድሳቱ ሰው ይፈልጋል፣ ሰውም መብልና መጠጥ ይፈልጋል። በክረምት እኩለ ሌሊት ጣራው ሲያፈስ ልጆቿን ከጥግ ወደ ጥግ የምታዛውር እናት ቆርቆሮ ብትመኝ ትክክል ናት። እኛም ቤታችሁን አትለውጡ አላልንም። ከመለወጣችሁ በፊት አንድ ሰዓት ስጡን ነው ያልነው።

የጣራ ውስጥ ፎቶ ምን ይረባል የሚል ቢኖር ወደ ጎንደር ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ከጥፋት በተረፈው በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ ክንፍ ያላቸው የኪሩቤል ፊቶች ተደርድረው ወደ ታች ያያሉ። ጎንደርን ረግጦ የማያውቅ ኢትዮጵያዊም እነዚያን ዓይኖች ያውቃቸዋል። በካሌንደር፣ በፖስት ካርድ፣ በመጽሐፍ ሽፋን አይቷቸዋል፤ የእኔ ናቸው ይላል። ትግራይ ውስጥ በገመድ የሚወጣው ደብረ ዳሞ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ላይ፣ በእንጨት ክፈፎች ውስጥ፣ የተቀረጹ እንስሳት አሉት። ገዳሙ ሴት አይገባበትም። እናቶቻችንና እህቶቻችን ያንን ጣራ ሊያዩት የቻሉት ፎቶ ያነሳ ሰው ስለነበረ ብቻ ነው። ግማሹ ሕዝብ አንድን ትልቅ የእንጨት ሥራ በፎቶ ብቻ ያውቀዋል ማለት ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሌላው ዓለምም ይኸው ታይቷል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2019 ፓሪስ የሚገኘው ኖትረ ዳም ካቴድራል ሲቃጠል፣ ጣራውን ለዘመናት ተሸክሞ የኖረው የእንጨት መዋቅር አመድ ሆነ። ነገር ግን ሬሚ ፍሮሞንና ሴድሪክ ትራንተሶ የተባሉ ሁለት አርክቴክቶች እ.ኤ.አ. በ2014 ያንን መዋቅር ክፍል በክፍል ለክተው ነድፈውት ነበር። ይህን ያደረጉት እሳት ይመጣል ብለው አልነበረም። አናጢዎቹ እንደገና ሲሠሩት ያ ንድፍ ከመሪዎቻቸው አንዱ ሆነ፤ ካቴድራሉም በዲሴምበር 2024 ተከፈተ።

እኛም እሳትን እናውቀዋለን። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሳው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ፤ ቤቶችም ተቃጠሉ። ከተቃጠሉት ቤቶች በአንዱ የተወለደ ልጅ ዛሬ አድጎ «የድሮው ቤታችን ውስጡ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አባቱ በእጁ አየር ላይ ከመሳል በቀር የሚያሳየው የለውም። ስለዚህ ይህ ጥሪ ጌዴኦውንም፣ ጉጂውንም፣ ከእኛ ጋር የሚኖረውን ሌላውንም ይመለከታል። የጎረቤት ጣራ ሥር የተኛ ሰው የጎረቤቱን ጣራ ያውቃል።

አሁን ወደ ሠሪው ስም ልመለስ፤ ከሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው። ቱቱ ፈላንና ጨልባ ቱቲቲን ሄዳችሁ ያያችሁ ታውቃላችሁ። እነዚያን ትክል ድንጋዮች የውጭም የአገር ውስጥም ተመራማሪ አጥንቷቸዋል፣ ጎብኚ ፎቶ አንስቷቸዋል። ፊት፣ ክንድ፣ መስመር ተቀርጾባቸዋል። የጠራቢዎቹን ስም ግን የሚነግረን የለም። ድንጋዩ ስለማይበሰብስ ሥራው ደረሰልን፤ ስሙ ግን አልደረሰም። ቀርከሃና ቃጫ ደግሞ እንደ ድንጋይ አይቆዩም። ዛሬ ካልጻፍን ሥራውም ስሙም አብረው ይሄዳሉ። ስም የሌለው የጣራ ፎቶ ውብ ሊሆን ይችላል፣ ግማሽ ግን ነው።

ፎቶውን ሌላ ሰው ያነሳልናል ብለንም አንጠብቅ። እ.ኤ.አ. በ1934 እና በ1935 በአዶልፍ የንሰን የተመራ የጀርመን የጥናት ቡድን ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ከጌዴኦ፣ ከጉጂና ከኮንሶ ሰዎች ዘንድ ቆይቶ፣ ፎቶና ሥዕል ይዞ ተመልሷል፤ መጽሐፉም በ1936 ታትሟል። ላደረጉት እናመሰግናለን። ነገር ግን የጌዴኦ ልጅ የቅድመ አያቱን ዘመን ለማየት ፊቱን ፎቶዎቹ ወደተቀመጡባት የጀርመን ከተማ ፍራንክፈርት ማዞሩ ያሳዝናል። ያኔ ካሜራ የሚይዘው የሩቅ እንግዳ ነበር። ዛሬ በወርቃ ቡና ይዞ ገበያ የሚወጣው ወጣት ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ሁላችንም ተደስተናል። የተመዘገበው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና የሚያበቅለው የአባቶች ዕውቀት፣ የተከበሩት ደኖችና ትክል ድንጋዮቹ ናቸው። ያው ዕውቀት ቤት ውስጥም አለ። ቃጫው ከጓሮ እንሰት ነው፣ ቀርከሃው ከደጋው ነው፣ ምሰሶው ሽማግሌዎች አይተው ከመረጡት ዛፍ ነው። መዝገቡ ጓሮውን ይዞ ጣራውን ከተወ፣ የጎደለውን መሙላት የእኛ የባለቤቶቹ ሥራ ነው።

እንዴት እናንሳ? ፍላሽ አታብሩ። ፍላሽ ቅርብ ያለውን ያነጣዋል፣ ጉልላቱን ጨለማ ውስጥ ይተወዋል፣ የጥቀርሻውንም ወዝ ይገድለዋል። ጠዋት ፀሐይ ወደ በሩ ስትዞር፣ ምድጃው ሳይቀጣጠል ወይም ጭሱ ከበረደ በኋላ ግቡ። ስልኩን ከምሰሶው አጠገብ መሬት ላይ፣ የፊት ካሜራው ወደ ላይ እንዲያይ አድርጋችሁ አስተኙት። ሰዓት ቆጣሪውን አሥር ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ዞር በሉ። መሬት ላይ የተኛ ስልክ አይንቀጠቀጥም፤ ካሜራው ብርሃን እስኪያጠራቅም ታግሶ ያነሳል። የኋላ ካሜራው የተሻለ ጥራት ስላለው በእሱም ሞክሩ፤ እጃችሁን ምሰሶው ላይ አስደግፋችሁ፣ ትንፋሽ ይዛችሁ። ሙሉውን ክብ አንሱ፤ ከዚያ ጉልላቱን፣ ከዚያ ጣራው ከግድግዳው የሚገናኝበትን፤ በመጨረሻ አንዲት ቋጠሮ በቅርብ። ቢቻል አንድ ሰው ምሰሶው ሥር ይቁም፤ ቁመቱ የቤቱን ልክ ይናገራል።

ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለበለዚያ ይጨመቅና ቋጠሮው ይደበዝዛል። ብዙ ጥሩ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ተቀምጣችሁ ጠይቁ። ቤቱ መቼ ተሠራ? ዓመቱ ካልታወቀ በማን ሠርግ፣ በየትኛው ልጅ ልደት፣ በየትኛው አባ ገዳ ዘመን? አናጢው ማን ነበር፣ የማን ልጅ? ከማን ተማረ? ምሰሶው ዋንዛ ነው፣ ጥድ ነው ወይስ ሌላ? የየክፍሉን ስም በጌዴኡፋ ጠይቃችሁ፣ ተናጋሪው እንዳለው ጻፉ፤ የሚናገሩትንም ፈቅደው ከሆነ በድምፅ ቅዱ። መልሱን ለማሳጠር አትቸኩሉ። ሽማግሌ ስለ ጣራ ሲጠየቅ ስለ ደቦው፣ ስለ ዘፈኑ፣ ከመሰላል ስለወደቀው ሰው ያወራል፤ እሱንም ጻፉት።

ሰው ቤት መግባት ግን ክብር ይጠይቃል። አባወራውን ብቻ ሳይሆን እማወራዋንም አስፈቅዱ፤ ጓዳው የእሷ ነው። «እማማ፣ ጣራዎን ፎቶ ላንሳ? እርስዎን ሳይሆን ጣራውን ብቻ» ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ ውጡ። የተኛ ሰው፣ የታመመ ሰው፣ የቤቱ ንብረት ፎቶው ውስጥ አይግባ። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የማንም ቤት ውስጥ ፌስቡክ ላይ አይለጠፍ። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ፤ መቅደሱ ለካሜራ አይደለም። መስጊድ ከሆነ ከሶላት ሰዓት ውጭ፣ ጸሎት ቤት ከሆነ ከአምልኮ ሰዓት ውጭ፣ ኃላፊዎቹን አነጋግሩ። ፎቶውን አሳጥባችሁ አንድ ቅጂ ለቤቱ ባለቤት መልሱ። ይህን ያላደረገ ሰው ወስዶ እንጂ ሰጥቶ አልሄደም።

ከጎጆው ሌላ በዲላ አሮጌ የንግድ ቤቶችና መጋዘኖችም አሉ፤ የጣራቸው እንጨት አገጣጠም የራሱ ሙያ አለው። አቡጀዴ ተሰፍቶ፣ ተወጥሮ፣ ኖራ የተቀባ ኮርኒስ ያለው ቤት ውስጥ ያደጋችሁ ካላችሁ፣ በጂፕሰም ከመተካቱ በፊት እሱንም አንሱት። ከተሞቻችን እየፈረሱ እየተሠሩ ነው፤ የፈረሰ ቤት ከፊት ለፊቱ ሊታወስ ይችላል፣ ውስጡን ግን የኖረበት ብቻ ያውቀዋል።

መምህራን፣ ይህን ለተማሪዎቻችሁ የቤት ሥራ አድርጋችሁ ስጡ፤ ልጅ የአያቱን ጣራ አንስቶ፣ የአናጢውን ስም ጽፎ ይምጣ። የዞኑና የወረዳዎቹ የባህልና ቱሪዝም ሠራተኞች፣ ስብስቡ የሚቀመጥበት ቦታና የሚረከብ ሰው መድቡ፤ በግለሰብ ስልክ ውስጥ የቀረ ፎቶ ስልኩ ሲሰበር ይጠፋል። የዲላ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸርና የታሪክ ሰዎች፣ እኛ ፎቶውን እናምጣ፣ እናንተ ልኩንና ንድፉን አክሉበት። የሶንጎ (የሽማግሌዎች ሸንጎ) አባቶች፣ ቃላችሁ ይሰማልና ነገሩን በጉባኤ አንሱልን። ባሕር ማዶ ያላችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ያነሳችኋቸው የድሮ ፎቶዎች አልበማችሁ ውስጥ ካሉ ፈልጉ፤ የሰው ፎቶ ብላችሁ ካስቀመጣችሁት ጀርባ ጣራ ሊኖር ይችላል።

ቡናው እየቀላ ነው። ለቀማው አልቆ ገንዘቡ እጅ ሲገባ ቆርቆሮው ይገዛል፤ አናጢው ይጠራል፤ የድሮው ቀርከሃ ለማገዶ ይከመራል። ከለቀማው በፊት እያንዳንዳችሁ አንድ ቤት ምረጡ። ስልክ ያለው ፎቶውን ያንሳ፣ ስልክ የሌለው የአናጢውን ስም ይንገር፤ ሁለቱም ተጽፈው በአንድ ላይ ይቀመጡ።