አኩሪ አተርና በማረጥ ዘመን ያሉ እናቶች

አኩሪ አተር በጅማ፣ በወለጋና በመተከል አካባቢዎች ከበቆሎ ጋር እየተፈራረቀ የሚዘራ ሰብል ነው። ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ መሬቱን ያዳብራል። ፍሬው ከመቶው ወደ 40 እጁ ፕሮቲን፣ ወደ 20 እጁ ደግሞ ዘይት ነው። ይሁን እንጂ ምርቱ በአመዛኙ ከአውድማ በቀጥታ ወደ ገበያ ስለሚወጣ ላመረተው ቤተሰብ ገበታ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ይህ ሰብል በማረጥ ዘመን ላሉ እናቶችም ይጠቅማል ይባላል። እንደሚታወቀው አብዛኞቹ ሴቶች የወር አበባቸው የሚቋረጠው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። በዚህ ጊዜ ኤስትሮጅን የተባለው የሰውነት ቅመም ስለሚቀንስ ድንገተኛ ሙቀት ከደረት ወደ ፊት ይወጣል፤ ሌሊት ያልባል፤ እንቅልፍ ይነሳል፤ አጥንትም እየሳሳ ይሄዳል። ብዙ እናቶች ይህን በኀፍረት ደብቀው የእርሻውንና የማጀቱን ሥራ እንደ ወትሮው ይሸከማሉ።

አኩሪ አተር ውስጥ ያሉት አይሶፍላቮን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሠራራቸው ኤስትሮጅንን በመጠኑ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የበርካታ ጥናቶችን ውጤት አጠቃሎ የወጣ ጽሑፍ፣ በቀን በአማካይ 54 ሚሊግራም አይሶፍላቮን ከ6 ሳምንት እስከ 12 ወር የወሰዱ ሴቶች የድንገተኛው ሙቀት ብዛት ባዶ እንክብል ከወሰዱት ይልቅ ወደ 21 በመቶ እንደቀነሰላቸው ገልጿል። ይህን ያህል መጠን 50 ግራም ከሚሆን ደረቅ ፍሬ ሊገኝ ይችላል። ዘይቱ ውስጥ ግን አይሶፍላቮን የለም ለማለት ይቻላል።

በሌላ በኩል የሰሜን አሜሪካ የማረጥ ማኅበር ማስረጃዎቹን እ.ኤ.አ. በ2023 መርምሮ አኩሪ አተርን ለዚህ ችግር እንደ ሕክምና አላዘዘም። ለጥቅሙ መለያየት አንዱ ምክንያት፣ አይሶፍላቮንን ይበልጥ ኃይል ወዳለው ኢኮል ወደተባለ ንጥረ ነገር የሚለውጡት የአንጀት ረቂቅ ሕዋሳት በሁሉም ሰው ዘንድ አለመኖራቸው ነው። ስለዚህ አኩሪ አተር ጥሩ ምግብ እንጂ ፈዋሽ መድኃኒት ተብሎ መወራት የለበትም።

አዘገጃጀቱም ጥንቃቄ ይሻል። ጥሬው የምግብ መፈጨትን የሚያውክ ነገር ስላለው በሚገባ መቀቀል ወይም መቆላት አለበት። ከተቆላና ከተከካ በኋላ ከባቄላና ከሽምብራ ጋር ተፈጭቶ ለሽሮ ይሆናል። እንቅርት በሚበዛባቸው አካባቢዎች አዮዲን ያለው ጨው አብሮ መዘውተር ይኖርበታል፤ አዮዲን ካነሰ አኩሪ አተር እንቅርትን ሊያባብስ ይችላልና።

ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች የሚቀረው ተግባር ግልጽ ነው። አኩሪ አተር የሚያመርት ቤተሰብ ሁሉ ከመሸጡ በፊት ለቤቱ ቀለብ የሚሆነውን እንዲያስቀር መምከር፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አዘገጃጀቱን ለእናቶች በተግባር እንዲያሳዩ ማድረግ፤ በጋራ ሥራ ድልድል ጊዜም ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ ያደረች እናት እንደ ሰነፍ እንዳትቆጠር መጠበቅ ይገባቸዋል።

ከሁሉም በላይ የወር አበባዋ ከተቋረጠ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ደም የታያት እናት፣ ወይም በጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች፣ ምግብ እየለወጠች ጊዜ ማባከን የለባትም። የማኅፀን ወይም የጡት ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት። ሳትውል ሳታድር መጓጓዣ የምታገኝበትን መንገድ አስቀድሞ ማዘጋጀትም የማኅበሩ መሪዎች ኃላፊነት ሊሆን ይገባል።