ሐኪማችሁ ከተማ ሲቀይር

ዛሬ ስለ አንድ በሽታ ሳይሆን ስለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ መሄድ ነው የምጽፈው። ኤረር በር አካባቢ አብረን የምንሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነበር፤ ለስፔሻሊቲ ትምህርት አዲስ አበባ ደረሰውና ሄደ። ከሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

«ጥሎን ሄደ» የሚሉ ታካሚዎች አሉ። እኔ አልልም። ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ መቅረት የሚፈልግ ጥቂት ነው፣ የደመወዙም ነገር የታወቀ ነው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በቀልድ አልነበረም።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ኤረር በር ከኤረር ሸለቆ አትክልትና ፍራፍሬ ይዘው ለገበያ የሚመጡ እናቶች የሚገቡበት በር ነው። ይህ ልጅ ኦሮምኛም አማርኛም ሐረሪኛም ይናገራል። ገበያ ሲቀዘቅዝ የግፊት ክኒኗን ለሁለት የምትከፍለው ማን እንደሆነች፣ በረመዳን ሰዓቱን እንዴት እንዳስተካከለችላት ሳይሆን እንዴት እንዳስተካከለላት ያውቃል። ካርዱ ላይ ያለው ግን «ግፊት፤ መድኃኒት ይቀጥል» ነው። አለቀ።

አንዷን እናት ኤናላፕሪል ላይ ልጀምራት ስል «ዶክተርዬ፣ እሱ እኮ ያስለኛል፤ ያኛው ዶክተር ቀይሮልኛል» አለችኝ። ልክ ነች፤ ኤናላፕሪል አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ባትነግረኝስ? የተቀየረበት ምክንያት የትም አልተጻፈም።

እ.ኤ.አ. በ2018 ቢኤምጄ ኦፕን ላይ የወጣ ትንተና 22 ጥናቶችን አይቶ፣ በ18ቱ ውስጥ ከአንድ ሐኪም ጋር ሳይቋረጡ መታከም ከሞት መቀነስ ጋር ተያይዞ አግኝቷል። አብዛኞቹ የተሠሩት በሀብታም አገሮች ነው፤ ምክንያትና ውጤት ናቸው ማለትም አይደለም። ግን ሐኪም በተቀየረ ቁጥር የሆነ ነገር እንደሚጠፋ ለማመን እኔ ጥናት አያስፈልገኝም።

ሥራ ስትለቅ ጋውንና የመሳቢያ ቁልፍ ካላስረከብክ ክሊራንስ አታገኝም። ታካሚዎችህን ሳታስረክብ ግን መሄድ ትችላለህ! ለእኔ ይሄ ነው መስተካከል ያለበት። ለእያንዳንዱ ቋሚ ታካሚ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ፦ ምን ይወስዳል፣ ምን ተሞክሮ ለምን ተተወ፣ ቀጣዩ ምርመራ መቼ ነው። በቃ።

እስከዚያው ግን እናንተ ጋ ያለውን እንይ። «ስልኩን ሰጥቶኛል፣ እሱን እጠይቃለሁ» የሚሉ አሉ። እሱ ሌላ ሆስፒታል ተረኛ ነው፤ ግፊታችሁንም በስልክ መለካት አይችልም። ከዚህ የባሰው «እሱ እስኪመለስ» ብሎ መድኃኒት ማቆም ነው። ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ በስትሮክ ይመጣል። ኢንሱሊንና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ደግሞ ቀናትም አይጠብቁም፤ በድንገት ከቆሙ ሕይወት ላይ ይደርሳሉ።

ሐኪማችሁ እንደሚሄድ ከሰማችሁ ሳይሄድ በፊት አጭር የሕክምና ማጠቃለያ ጠይቁት፣ መብታችሁ ነው። ከሄደ በኋላ ከሰማችሁ የመድኃኒቱን ፓኬት ፎቶ አንሱ፣ ስሙና ሚሊግራሙ እንዲታይ አድርጋችሁ። ስማርት ስልክ የሌላት እናት ባዶ ፓኬቶቹን ሁሉ፣ ያቆመቻቸውንም ጭምር፣ በፌስታል አድርጋ ትምጣ። ያቆመቻቸውን ለምን እንዳቆመች እኛ እንጠይቃታለን።