ቁልቁለትን ያልተማረ ፊዚክስ

ፊዚክስን የተማረ ሁሉ አንድ ጊዜ አንድን ሳጥን በተዳፋት ላይ አንሸራቷል። ሳጥኑ የወረቀት ላይ ሳጥን ነው፤ ተዳፋቱም «ሰበቃ የሌለበት» ነው። ተማሪው የሳጥኑን ክብደት በሁለት አቅጣጫ ይከፍላል፣ ፍጥንጥነቱን ያሰላል፣ ከመልሱ ሥርም ሁለት መስመር ያሰምራል። በማግስቱ ይኸው ተማሪ ከጓደኛው ኋላ በሞተር ሳይክል ተፈናጦ፣ ማርሽ ወጥቶ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ ከተራራው ቁልቁል ይንደረደራል። ለምን ቢሉት «ቤንዚን ለመቆጠብ» ይላል። ትናንት በደብተሩ ላይ የነበረው ተዳፋትና ዛሬ ከጎማው ሥር ያለው ተዳፋት አንድ መሆናቸውን አልነገርነውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን መናገር ነው። የማስተምረውን ትምህርት የምወቅሰው ግን ከዳር ቆሜ አይደለም፤ ከዚህ በታች እንደሚታየው እኔም ያው ስህተተኛ ነኝ።

ዐቀበቱ

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር አራት ቀን የፈጀ የሞተር ሳይክል ጉዞ አድርጌ ነበር። መነሻዬ ባሕር ዳር ነበረች። መንገዴም በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይና በንፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ጋሸና፣ ከዚያም ወደ ላሊበላ የሚዘልቀው ነው። ከወረታ እስከ ወልዲያ ያለው ይህ መንገድ መጀመሪያ በቻይና እርዳታ የተሠራ በመሆኑ፣ ዛሬ አስፋልት ቢለብስም ሰው የሚያውቀው «የቻይና መንገድ» በሚል ስም ነው። የያዝኩት መካከለኛ የሚባል፣ ባለ 650 ሲሲ ነጠላ ሲሊንደርና ከአስፋልትም ከኮረኮንችም የሚስማማ ሞተር ሳይክል ነበር።

ዐቀበት ሐቀኛ አስተማሪ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ውሃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር የሚሠራው ቤንዚንን ከአየር ጋር አቃጥሎ ስለሆነ፣ አየር ሲሳሳ ከኃይሉ ሩብ የሚያህለውን ያጣል። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛና ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱም ይከብዳል። ኢንጄክሽን ያለው ሞተር የአየሩን መጠን ለክቶ ቤንዚኑን ይመጥናል፤ የሌለውን አየር ግን ሊፈጥር አይችልም። የጉናን ትከሻ ስንወጣ ሞተሩ ማጉረምረም ጀመረ፤ እኔም ማርሽ ቀነስኩለት። ጫፉ ከ4,100 ሜትር በላይ የሆነው ይህ ተራራ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተገነባ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጣናን ከሚመግቡት ወንዞች ርብና ጉማራ የሚነሡትም ከእርሱ ነው።

ዐቀበት ድካሙን በድምፅ ይናገራል። አሽከርካሪው ቢሳሳት የሚደርስበት ትልቁ ቅጣት መቆም ነው።

ቁልቁለቱ

በሦስተኛው ቀን፣ በመልሱ ጉዞ፣ ወደ ማታ ላይ ከዋናው መንገድ ወጥቼ ወደ ታች የሚወርድ ኮረኮንች ያዝኩ። የቤንዚን መብራቱ በርቶ ነበር። ለሌሎች የማስተምረውን እኔ ረሳሁትና ማርሽ አውጥቼ፣ ሞተር አጥፍቼ፣ በፍሬን ብቻ መውረድ ጀመርኩ። ዝምታው ደስ ይላል፤ ነፋሱና የጎማው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የኋላው ፍሬን ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ለሰለሰ። የፊቱን ጨበጥኩ፤ የፊት ጎማው በጠጠሩ ላይ ተንሸራተተና ገብሱ ከታጨደበት ማሳ የድንጋይ እርከን ጋር አጋጨኝ።

የግራ እጄ አንጓ ተሰነጠቀ። የራስ ቁሬ በአንድ ጎኑ ተፋቀ፤ ራሴ ግን ደህና ነበር። ደግፈው ያነሡኝ የማሳው ባለቤት፣ አንድ አዛውንት፣ ሞተሩን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ በቅሎ እንኳ ቁልቁለት ሲሆን ይወረድላታል። አንተ ይህን የሚያህል ብረት ያለ ልጓም ትለቀዋለህ?»

«ልክ ነዎት አባቴ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ስሌቱን የሠራሁት እጄ በጄሶ ታስሮ ነው። ሞተር ሳይክሉ 190፣ እኔ 70፣ ሻንጣው 20፣ በጠቅላላው 280 ኪሎ ግራም ነበርን። 500 ሜትር ከፍታ ስንወርድ የምንለቀው ኢነርጂ 280 በ9.8 በ500 ተባዝቶ ወደ 1.37 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። ይህ በ15 ዲግሪ ያለ 4 ሊትር ውሃ ደብረ ታቦር ላይ አፍልቶ የሚተርፈው ነው። ተዳፋቱ 12 በመቶ፣ ፍጥነቱም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን በየሴኮንዱ ወደ 3,600 ጁል፣ ማለትም 3.6 ኪሎ ዋት ይለቀቃል። እናቶቻችን እንጀራ የሚጋግሩበት የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚወስደው ኃይል ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው። ሲሶውን አየሩና ጎማው ቢወስዱልን እንኳ የቀረውን የሚሸከመው መዳፍ በምታህል የፍሬን ሸማና በአንዲት ስስ የብረት ዝርግ ላይ ያለው ሰበቃ ነው። ሸማው ሲግል ሰበቃው ይቀንሳል። ዘይቱ ከፈላ ደግሞ በቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋ በግፊት ስለሚጨመቅ የእግራችን ጉልበት ፍሬኑ ጋ አይደርስም።

ርቀቱንም እናስላ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ሳይክል በደረቅና ሜዳማ አስፋልት ላይ ፍሬን ከያዘ በኋላ 9 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ሜዳማ በሆነ ኮረኮንች ላይ ሰበቃው በግማሽ ስለሚቀንስ 18 ሜትር ይፈልጋል። ኮረኮንቹ 12 በመቶ ቁልቁለት ከሆነ ደግሞ 27 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ በአራት ይባዛሉ። ዐይን አይቶ እጅ እስኪታዘዝ የሚታለፈው ርቀት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

የቤንዚኑ ክርክር

ማርሽ አውጥቶ መውረድ ቤንዚን ይቆጥባል የሚሉት ወገኖች ሞኞች አይደሉም። በየገጠር ቀበሌው በባለ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል የሚዞር የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ቤንዚን ውድ ነው፤ ማደያውም ሩቅ ነው። ስለዚህ «ለሕይወትህ ስትል ተው» ብቻ ማለት በቂ መልስ አይሆንም። ክርክሩን በራሱ ሜዳ ላይ መመለስ ያስፈልጋል።

ማርሽ ገብቶ ቤንዚን መስጫው ሲለቀቅ፣ ሞተሩን የሚያዞረው ቤንዚን ሳይሆን ከኋላ ጎማው በካቴና የሚመጣው ጉልበት ነው። ሞተሩ በዚያን ጊዜ የአየር መሳቢያና መጭመቂያ ፓምፕ ሆኖ ያገለግላል፤ ኢነርጂውንም ፍሬኑን ሳያግል ያወጣልናል። አብዛኞቹ ባለ ኢንጄክሽን ሞተሮች ይህን ሲያውቁ ቤንዚን መርጨታቸውን ጨርሰው ያቆማሉ። ማርሽ ወጥቶ ሞተሩ እንደበራ ከተወ ግን እንዳይጠፋ ቤንዚን መርጨት ግድ ይለዋል። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ሞተር ማርሽ ማውጣት ቤንዚን ያባክናል እንጂ አይቆጥብም። ካርቡሬተር ባለው ሞተር ሞተሩን ማጥፋት በእርግጥ ጥቂት ይቆጥባል፤ የሚተርፈው ግን ጥቂት ስኒ ቤንዚን ነው። በዚያ ልክ ከሁለቱ ልጓሞች አንዱን ሸጠናል ማለት ነው።

ከዚህ ሌላም ትምህርት ይገኛል። ብዙ ወጣቶች ለተራራ የሚበጀው ትልቁ ሞተር ነው ብለው ያምናሉ። ለመውጣት ጥቂት ተጨማሪ ኃይል ይጠቅማል፤ ሲወረድ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ ግራም ፍሬኑ የሚከፍለው ዕዳ ነው። ለእኛ መንገድ ከከባዱ ይልቅ ቀላሉና መካከለኛው ይሻላል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሴባስቶፖል ትምህርት

ይህን ጉዳይ ደብረ ታቦር ከማንም ቀድማ ታውቀዋለች። በከተማዋ አጠገብ በጋፋት የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደርሷል፤ ዛሬም እዚያው አለ። በ10 በመቶ ተዳፋት ላይ ይህን መድፍ ለማንቀሳቀስ፣ ሰበቃውን ሳንቆጥር፣ ወደ 7,000 ኒውተን ጉልበት ያስፈልጋል። ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወረድ ያው 7,000 ኒውተን ጠላት ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ ሥራው መሳብ ሳይሆን መያዝ ነው። ንጉሡ ከመድፉ በፊት መንገድ አስጠረጉ፤ ራሳቸውም በእጃቸው ድንጋይ አነሡ። የመንገዱን ተዳፋት ማለዘብ የሚጎትተውን ሰው ቁጥር እንደሚቀንስ ያለ ቀመር ያወቁ ሰዎች ነበሩ። እኛ ቀመሩን ይዘን ተዳፋቱን ረሳነው።

ምን ይደረግ?

ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እኛ መምህራን «ሰበቃ የሌለበት» የሚለውን ተዳፋት እንደ መነሻ እንጂ እንደ መድረሻ አናስተምር። በአካባቢያችን ያለ አንድ እውነተኛ ቁልቁለት ይመረጥ፤ ተማሪዎች ከፍታውንና ርዝመቱን ለክተው የፍሬኑን ሙቀት ያስሉ። የሚያስፈልገው ሜትርና ሰዓት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ዕውቀት ወደ ቤት ውሰዱት። ወንድማችሁ ሞተር ሳይክል ቢነዳ በወጣበት ማርሽ እንዲወርድ፣ ፍሬኑን ሳያቋርጥ ከመጎተት ይልቅ ጠበቅ አድርጎ እየያዘ እንዲለቅ ንገሩት። በ«ተው» ሳይሆን በቁጥር አስረዱት።

ሦስተኛ፣ የራስ ቁር። ከሰው ቁመት፣ ከ1.6 ሜትር፣ የወደቀ ራስ መሬት የሚደርሰው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። አጥንት ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ በጥቂት ሚሊ ሜትር ውስጥ ይቆማል፤ የቁሩ ውስጠኛ አረፋ ግን ያንን ርቀት በብዙ እጥፍ ያረዝመዋል፣ በራስ ላይ የሚያርፈውም ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የኮክሬን ግምገማ የራስ ቁር የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የተፋቀው ቁሬ ቢሮዬ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ አውርጄ አሳያቸዋለሁ።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተከሠተው ግጭት ምክንያት እንዲህ ያለ የአራት ቀን ጉዞ ለመዝናናት አይታሰብም፤ ማንንም ውጣ ብዬ አልገፋፋም። ባለሙያው ግን ለሥራ፣ ነጋዴው ለገበያ፣ ተማሪውም ለትምህርቱ ዛሬም ይወጣል፣ ይወርዳልም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ቁልቁለቱ እዚያው ይጠብቀናል፤ ያን ጊዜ ማርሹ እንደገባ ይሁን።